አራተኛው እንከን

ያገለገለ መኪና ብቻውን ሄዶ የሚገዛ ሰው በአገራችን ገና አልተወለደም። ሚስቱን ብቻውን የመረጠ፣ ቤቱን ብቻውን የሠራ፣ አማቱን ብቻውን የተጋፈጠ ወንድ እንኳ አሮጌ መኪና ሊያይ ሲነሳ ከጎኑ አንድ ሰው ይፈልጋል። ይህ ሰው መካኒክ አይደለም። ደላላም አይደለም። ሥራው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ ራሱን መነቅነቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የደብረ ማርቆሱ ግን የሁሉም አለቃ ስለሆኑ በሙሉ ማዕረጋቸው ልጥራቸው፤ ክቡር ጋሼ መሳፍንት፣ የአሮጌ መኪኖች መርማሪ፣ የሻጮች ራስ ምታት፣ የእኛ የእግረኞች አባት።

ጋሼ መሳፍንት በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ ሄደው ቅኔ ተምረዋል። ከዚያ ተነስተው እንዴት መሪ እንደጨበጡ እሳቸውም በደንብ አይናገሩም፤ ብቻ ሠላሳ ዓመት ያህል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ጡረታ ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅኔ ቤቱንና ሾፌርነቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸው ነበር። እሳቸው ቀላቀሏቸው። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ቀድሞ የሚማረው ፊት ለፊት የሚታየው ሰም መሆኑን፣ ወርቁ ከሥር መቀበሩን፣ በሰሙ ረክቶ የሚሄድ ደግሞ የጓደኞቹ መሳቂያ እንደሚሆን ነው። ጋሼ መሳፍንት ይህንን ትምህርት ይዘው ኮፈን መክፈት ጀመሩ። ቀለሟ ቢያብረቀርቅ ሰም ነው። ሞተሯ ባንድ ጊዜ ቢነሳ ሰም ነው። ሻጩ ፈገግ ካለማ ጉድ ነው። "ሰሙን አየነው" ይላሉ ከኮፈኑ ሥር ቀና ብለው። "ወርቁስ?"

ለምርመራ ሲወጡ ጥቁር ኮት ለብሰው በላዩ ነጠላ ያጣፋሉ። በቀኝ ኪሳቸው ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ማግኔት አለ፤ ላሜራው ላይ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለጥፏል ማለት ነው። በግራ ኪሳቸው ነጭ መሐረብ አለ፤ የጭስ ማውጫውን ይጠርጉበትና መጀመሪያ ራሳቸው ያሸቱታል፣ ቀጥለው ለገዢው ይሰጡታል፣ የገዢው ፊት ከተለዋወጠ ለሻጩም ያቀርቡለታል። ከዚያ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ያ ጣት ሲነሳ መተንፈስ ክልክል ነው። አንድ ቀን በዚህ መካከል አህያ ብታናፋ ቀና ብለው እስክታቆም ድረስ አፍጥጠው አዩዋት፤ አቆመችም።

በእኔ ግምት ከአርባ መኪና በላይ መርምረዋል፤ ፈተናውን ያለፈች አንዲትም የለችም። ጸጉር አስተካካዩ አንሙት መኪና ፍለጋ ከእሳቸው ጋር መዞር የጀመረው ወንደላጤ ሳለ ነው። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ልጆቹንም ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው በእግሩ ነው። የመድኃኒት ቤቱ እንዳላማው ደግሞ አንድ ጊዜ እንከን የማይወጣላት መኪና አገኘ። ማግኔቱ ያዘ፣ መሐረቡ እንደነጣ ተመለሰ፣ ሞተሯም አልተንተባተበም። ጋሼ መሳፍንት በመጨረሻ ወደ ሻጩ ዞረው ለምን እንደሚሸጣት ጠየቁት። ሰውየው ልጄን ልድር ነው አለ። "የትኛዋን ልጅ?" አሉ። በሳምንቱ ሠርጉ መኖር አለመኖሩን ሊያረጋግጡ ሄዱ። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሙሽራዋ ተቀምጣለች፣ እሳቸውም በሚገባ በልተው ጠጥተው ተመለሱ። በጉጉት ለሚጠብቃቸው እንዳላማው "ሠርጉስ እውነት ነው" አሉት። "እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።" እንዳላማው እስከ ዛሬ በባጃጅ ይሄዳል።

ቤታቸውም ከዚህ አልዳነም። ለፋሲካ በግ ሊገዙ ገብተው ጥርስ ሲያዩ፣ ላት ሲመዝኑ፣ በጉን ወዲያና ወዲህ ሲያስኬዱ ገበያው ይበተናል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዶሮ ይዘው ከገቡ በኋላ በግ መግዛቱን ባለቤታቸው ተረከቡ። እሳቸው በጉን የሚያዩት ከታረደ በኋላ ነው፤ ያኔም ጉበቱን ገልበጥ ሳያደርጉ አይቀምሱም።

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚቀበሉት አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው፤ ስኳሩም ሁለት ማንኪያ ብቻ። ደላላ ሊደልላቸው ሞክሮ ያውቃል፤ የሰጣቸውን ብር ፊት ለፊቱ ማግኔት አስጠግተውበት መለሱለት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መኮሳተር አይቻልም። እኔም ለብዙ ዓመታት እነዚህን ታሪኮች ለሰው እያወራሁ ስስቅ ኖሬአለሁ። አሁን ወደ ራሴ ስለምመጣ ሳቁን ትንሽ ገታ አደርጋለሁ።

ስሜ አማረ ነው፤ ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ሥራነሽ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ሮብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ገብስና ድንች እያመረተች አስተማረችኝ። ካቻምና ዝናብ ያራሰው ድንጋይ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ከተጎዳ ወዲህ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት የሚያጭቅ ሚኒባስ አይሆንላትም። እታለም አንዲት አብሮ አደግ ነበረቻት። አብረው ውኃ ቀድተዋል፣ በአንድ ሰሞን ተድረዋል፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አርሳለች። ይህች ጓደኛዋ ባሏ ሲሞት መንኩሳ ደብረ ኤልያስ ገባች፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰች። እኛ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት እንላቸዋለን። እታለም ግን ወለቴ ትላቸዋለች። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እማሆይ ስልክ የላቸውም፤ ሰላምታቸው የሚመጣው በመንገደኛ ነው፣ እሱም መንገዱ ሲከፈት።

ባለፈው ዓመት ለዳግም ትንሣኤ እታለም ዘንድ ሄጄ ሳለ ምን ላምጣልሽ ብዬ ጠየቅኳት። "ምንም አላጣሁ" አለችኝ። "ወለቴን አንድ ቀን አሳየኝ። ሁለታችንም ሳናልቅ።" እኔም ደረቴን ነፍቼ በራሴ መኪና ነው የምወስድሽ አልኳት። መረቀችኝ። ደብረ ኤልያስ ያለው ድንች ውኃ ነው ብላም ያኔውኑ ለወለቴ የሚሄድ አንድ ቅርጫት ድንች መርጣ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ ለምን ለአንድ ቀን ኮንትራት መኪና አልያዝክም ይለኛል። ይህን ጥያቄ ራሴን መቶ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መልሱ አሳፋሪ ስለሆነ ቶሎ ልናገረውና ልለፍ። ድንች ሸጣ ያስተማረችኝ እህቴን በሰው መኪና ስወስዳት እንድታይ አልፈለግኩም። መሪውን እኔ ይዤ፣ እሷ ጎኔ ተቀምጣ፣ የሮብ ገበያ ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲያየን ነበር የፈለግኩት።

ገንዘቡ ሞልቶልኝ ነበር። መኪናዋም ብዙ ሳትቆይ ተገኘች። አማኑኤል ከተማ፣ ሙጃሂድ በሚባል የጨርቅ ነጋዴ እጅ ያለች፣ ብርማ ቀለም፣ ትንሽዬ ቪትዝ። የነዳጅ መኪና ከውጭ መግባት ከቀረ ወዲህ እንዲህ ያለች ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ገበያ ላይ ሳምንት አትቆይም። ዋጋዋ ከአቅሜ አልወጣም። ዛሬ ሳስበው ያኔውኑ ቀብዱን ከፍዬ በማግስቱ ሮብ ገበያ መድረስ እችል ነበር። እኔ ግን ስልኬን አነሳሁና ለጋሼ መሳፍንት ደወልኩ።

ሙጃሂድ በር ላይ ቆሞ ተቀበለን። ጋሼ መሳፍንትን ባየ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እንዲህ አላቸው።

"ጋሼ፣ እንዳይደክሙ እኔው ልንገርዎት። የግራ የኋላ በሯ ተጭራ ቀለም ተቀብታለች። ማቀዝቀዣዋ አይሠራም። የጋቢናው መስታወት ደግሞ በእጅ ካልታገዘ አይወጣም። ሌላ እኔ የማውቀው የላትም፣ ወላሂ።"

ጋሼ መሳፍንት ማግኔቱን ከኪሳቸው አውጥተው እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ሻጭ ገጥሟቸው አያውቅም። መኪናዋን ዞሯት፤ በሩ እንደተባለው ተቀብቷል፣ መስታወቱ እንደተባለው ይንገታገታል። ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሰማኸው? ሦስቱን ነገረን።"

"አዎ ጋሼ። ደግ ሰው ነው።"

"ሦስት እንከን በገዛ እጁ የሚያስረክብህ አራተኛውን እንዳትጠይቀው ነው" አሉ። "ሰሙን ሰጠን። ወርቁን ይዟል።"

ይህንን ስህተት ሌላ አገር ያለ ሰው ይሠራው እንደሆነ አላውቅም። ሰውየው እውነቱን ስለነገረን ጠረጠርነው። ቢዋሸን ኖሮ ውሸቱን ይዘነው፣ ዋጋ አስቀንሰንበት፣ ተሳስቀን እንገዛት ነበር። ለእውነቱ ግን መድኃኒት አጣንለት። ጋሼ መሳፍንት እንዲህ ሲሉ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ሁለተኛ ጊዜ በግንቦት ሄድን። ሙጃሂድ ሽማግሌ ይዞ ለመጣ ገዢ ክብር አለው፤ "ቃላችሁን ሳልሰማ ለሌላ አላሳይም" ብሎ ሁለት ገዢ መልሶ ነበር። ጋሼ መሳፍንት አራተኛውን ፍለጋ ከጎማ ተነሥተው እስከ ጣራ ሄዱ። ሞተሯን አስነሥተው፣ የሙጃሂድ ባለቤት ጀነት ያቀረበችላቸውን ሻይ ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ። ብርጭቆው ቢንቀጠቀጥ አንድ ነገር ነው። አልተንቀጠቀጠም። ሻዩ እንኳ ፈቀቅ አላለም። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

"ዝምታዋ በዛ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ዝምታ ጥሩ አይደለም እንዴ ጋሼ?"

"ምን እንደምታስብ አይታወቅማ።"

ያን ቀን እታለም ደወለች። መኪናዋስ አለችኝ። እያየናት ነው አልኳት። "ከሩቅ ነው እንዴ የምታዩዋት?" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ከአልጋ ሥር ያለው ድንች ማቆጥቆጡን፣ እሱን ለዘር ተክላ ሌላ ቅርጫት መምረጧን ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ሦስተኛ ጊዜ የሄድነው ሰኔ ሲጋመስ ነው። ጋሼ መሳፍንት መኪናዋን በዝናብ ማየት አለብን ብለው ዝናቡን ስንጠብቅ ሰነበትን። በብርድ ስትነሳ መስማት አለብን ብለውም ከማለዳው ደረስን። ሙጃሂድ ከሶላት ተመልሶ ሱቁን ሳይከፍት ቁልፉን ሰጣቸው። ባንድ ጊዜ ተነሳች። ዝናቡም መጣ፤ ጠብታ አላስገባችም። እሳቸው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ከሥሯ ሊያዩ ጭቃው ላይ ሲንበረከኩ፣ ሙጃሂድ እኔን ወደ ሱቁ ደጃፍ ሳብ አደረገኝ።

"መምህር፣ አትቀየመኝ" አለ። "የምትገዛው አንተ ነህ ወይስ እሳቸው?"

ከባድ ነገር አልጠየቀኝም። "እኔ" ተብሎ በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነበር። አፌ ውስጥ "ገዝቻታለሁ" የምትል ቃል ተዘጋጅታ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጋሼ መሳፍንት ግን በዚያው ቅጽበት ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡና ወደ እኔ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንዳገኙ አልጠየቅኳቸውም። ምንም እንዳላገኙ አውቃለሁ።

"እንማከርና እንነግርሃለን" አልኩት ሙጃሂድን።

ይህቺን ቃል ጎጃም ውስጥ ስንቱ እንደተናገራትና በእሷ ምክንያት ምን ያህል ነገር እንዳመለጠው እግዜር ይወቀው። ሙጃሂድ ጨበጠኝ። ከሦስተኛው ምክር በኋላ ሰው ሌላ ገዢ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ላይ አሮጌ መኪና ብቻውን የሚገዛ ሰው አልተወለደም ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ተወልዳለች፣ ስሟም ወንጌላዊት ይባላል። እኛው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የምታስተምር ወጣት ናት። በሐምሌ መጀመሪያ አማኑኤል ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ቪትዟ ላይ የተለጠፈውን "ይሸጣል" አየች። ሙጃሂድ ሦስቱን እንከን ነገራት። "ትሄዳለች?" አለችው። "ትሄዳለች" አላት። ገዛቻት። በመምህራን ክበብ ይህንን ስትነግረን ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ማንንም አላማከርሽም ወይ ብላት "ምን ልማከር? ነገረኝ እኮ" አለችኝ።

ለእታለም ሌላ እንፈልጋለን አልኳት። ድንቹ ለሁለተኛ ጊዜ አቆጥቁጦ ነበር። ይህን ጊዜ አልሳቀችም፤ "ይሁን፣ ክረምቱም ይለፍ" ብቻ አለች።

ክረምቱ ሳያልፍ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አረፉ። መንገዱ ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር ወሬው ደብረ ማርቆስ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም፤ እኔ ግን ማንንም መጥራት አልፈለግኩም። ጋሼ መሳፍንት እንዴት እንደሰሙ አላውቅም። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መናኸሪያው በር ላይ፣ ያለ ማግኔትና ያለ መሐረብ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመው አገኘኋቸው። ተናድጄባቸው ስለነበር ሰላምታቸውን በአፌ ብቻ መለስኩ። እሳቸውም ሚኒባሱ ውስጥ ተከትለውኝ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

እታለም በማለዳ ሁለት ወንድ ነጠላ ዘቅዝቆ ሲመጣባት ነገሩ ገባት። "ወለቴ ናት?" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ለቅሶዋ ጋብ ሲል ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ያለውን ቅርጫት በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ጋሼ መሳፍንት ቅርጫቱን አዩትና ምንድን ነው ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። ወደ ውጭ ስንወጣ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ቃል የገባሁበትን ቀን፣ ድንቹ ስንት ጊዜ እንዳቆጠቆጠ። መኪናዋን የምፈልጋት ለምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልነገርኳቸውም ነበር። እሳቸውም አልጠየቁኝም። መኪናዋን ለምን እንደሚሸጣት ሙጃሂድን ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል።

"ይህንን ብታሳውቀኝ ኖሮ" አሉና አቆሙ። ግዛት እልህ ነበር ለማለት ፈልገው ይሁን ሌላ፣ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

አርባው በመስከረም ዋለ። ወንጌላዊት ነገሩን ሰምታ ሳልጠይቃት ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። ጋሼ መሳፍንት ለሁለት ቀን ደጃፌ እየተመላለሱ እኔ ልንዳ አሉኝ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። በዚያ ጠዋት ስወጣ ቪትዟ ታጥባ ጠበቀችኝ፣ ጎማዎቿ ሳይቀሩ። ከሮብ ገበያ እታለምን ከፊት አስቀመጥናት፤ ዳሌዋ ምንም አላስቸገራትም፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተቀምጣ እግሯን ማስገባት ብቻ ነበረባት። ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አደረገችው። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ቪትዟ ዳገቱን ሳትቸገር ወጣች፣ ጠጠሩ ላይም ሳትወላገድ ሄደች። ጋሼ መሳፍንት ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ እንዳዘነበሉ ይነዳሉ። አንድ ነገር እስኪሰሙ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር እንዲሰሙ ጸለይኩ፤ ቢሰሙ ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ ትንሽ ምክንያት ይኖረው ነበር። ምንም አልተሰማም። መንገድ ላይ ካፊያ መጣ። እታለም መስታወቱን ልትዘጋ ስትል ግማሹ ላይ ቆመ። ጋሼ መሳፍንት መኪናዋን አቁመው፣ ዞረው ሄደው፣ በሁለት መዳፋቸው አግዘው አወጡት። ሙጃሂድ እንዳለው ማለት ነው።

ደብረ ኤልያስ ደርሰን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሞተሩን አጠፉ። እታለምን ደግፌ አስወረድኳት፤ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ደጀ ሰላሙ ቀደመችን። ድንቹን ለተዝካሩ ለሚያበስሉት ሴቶች ልትሰጥ ነው። ጋሼ መሳፍንት ከመሪው ላይ እጃቸውን አላነሱም።

"ሰውየው የነገረን ያው ሦስቱን ነበር" አሉ።

ለሁለት ወር ያህል በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ረጅምና ጨካኝ። ያን ጊዜ ግን ጉልበታቸውን አየሁት፤ በሰኔው ዝናብ ጭቃ ላይ የተንበረከከው ለእኔ ነበር። ማንም እንዳያታልለኝ፣ በእህቴ ድንች ተምሬ ያገኘሁት ገንዘብ ሜዳ ላይ እንዳይቀር። እሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። የሚያውቁት ፍቅር ይሄ ነው፤ እንከን መፈለግ። እኔም ሳውቅ ነው የጠራኋቸው። "አትግዛ" የሚለኝ ሰው ስፈልግ፣ ከተማው ውስጥ ሁልጊዜ "አትግዛ" የሚለውን ሰው መርጬ ደወልኩ። መወሰን የፈራሁት እኔ ነኝ።

"የጠራሁዎት እኔ ነኝ ጋሼ" አልኳቸው። "ይውረዱ፣ ጸሎቱ ይጀመራል።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልተገናኘንም። እሳቸውም ለምርመራ መውጣት እንደተዉ አንሙት ነገረኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስልኬ ጮኸ።

"አማረ፣ አንዲት መኪና አይቻለሁ" አሉ።

"ከማን ጋር ሄደው?"

"ብቻዬን።"

እንከኗን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ ጎማዋ፣ ማርሚታዋ፣ አንድ መብራቷ፣ የበሩ እጀታ፣ እስከ ዘጠኝ ደረሱ። አስረኛውን እየጠበቅኩ ነበር።

"ይኸው ነው" አሉ። "ግን ትሄዳለች። ቀብድ ይዘህ ና፣ ዛሬውኑ።"

ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ለእታለም ደወልኩላት። መኪና ገዛን፣ ነገ እንወስድሻለን አልኳት።

"ማንን ልንጠይቅ?" አለችኝ።

አዲሱን ቁልፍ ጣቴ ላይ አዙሬ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"እኒያን ሰውዬ ይዘሃቸው ና" አለች በመጨረሻ። "ለእሳቸው አንድ ቅርጫት እመርጣለሁ፤ ድንቹ ሳያቆጠቁጥ ድረሱ።"